ጭነቱ ያልፋል፤ ትርፉ የት ይራገፋል?



በምርጫ ሰሞን ስለ ወደብ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ስለ ባሕር ነው፤ ስለ አሰብ፣ ስለ ቀይ ባሕር፣ ስለ ታሪካዊ መብት። ፓርቲያችን በዚህም ላይ አቋም ያለው ሲሆን ከዚህ በታች ተገልጿል። ነገር ግን የባቱ ነጋዴ፣ የመቂ ቲማቲም አምራች፣ የሞጆ ጫኝና አውራጅ ወደብን የሚያውቁት በባሕሩ ሳይሆን በደጃቸው በሚያልፈው ተሳቢ መኪና ነው። በመሆኑም እዚህ የምናነሳው ጥያቄ አንድ ነው። የሀገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ በእኛ ከተሞች በኩል ሲመላለስ ለከተሞቹ የሚቀረው ምንድን ነው? የሚቀረው ጥቂት ከሆነ ምክንያቱ የሕግና የፖሊሲ እንጂ የመልክዓ ምድር አይደለም ብለን እናምናለን።

ከጅቡቲ እንጀምር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሳ ድረስ ዋናው በራችን አሰብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ጅቡቲ የሕዝቧ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን እምብዛም የማይርቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የሌላት፣ ጤፍም ስንዴም የማታመርት ሀገር ናት። ያላት ሀብት ሁለት ነው፤ በባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ያለው አቀማመጧና ከጀርባዋ ያለችው ከመቶ ሚሊዮን ሕዝብ በላይ የሚኖርባት ኢትዮጵያ።

በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ግን በርትታ ሠርታለች። ፍራንኳን እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በአንድ ምጣኔ ያሰረች በመሆኗ የጅቡቲ ነጋዴ የከርሞው ምንዛሪ ስንት ይሆን ብሎ እንቅልፍ አያጣም። የዶራሌን የኮንቴይነር ወደብ በ2001፣ ሁለገቡን ወደብ በ2009፣ አዲሱን ነፃ የንግድ ቀጣና በ2010 ዓ.ም. ሥራ አስጀምራለች። የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመዶች ማረፊያ ሆናለች። ለአሜሪካ፣ ለፈረንሳይ፣ ለጃፓንና ለቻይና ጦር ሰፈሮች መሬት አከራይታ ኪራይ ትሰበስባለች። አንድ ኮንቴይነር ከመርከብ ሲወርድ ክሬኑን ያንቀሳቀሰው፣ ያከማቸው፣ የመዘነው፣ ሰነዱን ያዘጋጀው፣ ኢንሹራንስ የሸጠው፣ ለመኪናው ነዳጅ የቀዳው፣ ሾፌሩን ያሳደረው ሁሉ የየራሱን ያነሳል። የወደብ ከተማ ሀብት ማለት ይኸው ነው፤ ባሕሩ ራሱ ለማንም ሳንቲም አይከፍልም።

ለዚህ አገልግሎት ሀገራችን በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምታወጣ ባለሥልጣናት ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሸክሙ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ወዳለው ዘይትና ሳሙና ወርዷል። ይህ በእንዲህ እንዳለ የጅቡቲ መብራት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከእኛ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ሲደገፍ፣ ከሱማሌ ክልል የሚወጣ የከርሰ ምድር ውኃም በ2009 ዓ.ም. በተመረቀ ቧንቧ ያለ ክፍያ ይላክላታል። መልካም ጉርብትናን አንቃወምም። ጅቡቲም ጥቅሟን ማስላቷ የሚያስመሰግናት እንጂ የሚያስወቅሳት አይደለም። የምንወቅሰው እንደ ትልቅ ደንበኛ ቁጭ ብሎ መደራደር ያልቻለውን የራሳችንን መንግሥት ነው።

ይሁን እንጂ ጅቡቲን በሁሉም ነገር አርአያ አናደርግም። ከወደቡ ክሬኖች ብዙም ሳይርቅ ባልባላ የሚባለው ሰፊ የድሆች ሠፈር አለ። መርከብ በደጁ የሚቆምለት ከተማ እንኳ ገቢው ከቤተ መንግሥትና ከጥቂት ኩባንያዎች ካልወጣ ነዋሪው ያው ደሃ ነው። ወደብ በራሱ ሀብት አያከፋፍልም፤ የሚያከፋፍለው ሕግ ነው።

ስለ ባሕር በር ያለንን አቋም በአጭሩ እንግለጽ። የባሕር በር የሌላቸው ሀገሮች ወደ ባሕር የመድረስና በጎረቤት ግዛት የመሸጋገር መብት በ1982 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 125 ላይ ሰፍሯል፤ አፈጻጸሙ ግን በስምምነት እንጂ በጉልበት እንደማይሆን ያው አንቀጽ ይናገራል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የበርበራ ወደብ የ19 በመቶ ድርሻ እንዳገኘች በታላቅ ዜና ተነገረን። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ግዴታችንን በጊዜው ባለመወጣታችን ድርሻው እንዳመለጠን ከሶማሌላንድ በኩል ሰማን። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ተባለ፤ ሶማሊያ ተቆጣች፤ ከዓመት በኋላ በአንካራ መግለጫ ነገሩ በረደ። ሰነዱን ግን እስከ ዛሬ ሕዝብ አላነበበውም። ፓርቲያችን የባሕር በር የሚገኘው በሰላምና በውል፣ ውሉም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ተመርምሮ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለው። በጦርነት ከበሮ ድምፅ የሚሰበሰብበት ምርጫ እንዲሆን አንሻም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳይ ባቡር ሞጆንና ናዝሬትን ከተማ ያደረገው ውኃና ከሰል ስለሚሞላባቸው ብቻ አልነበረም፤ ጭነት ስለሚወርድባቸው፣ ነጋዴ ስለሚያድርባቸው ነው። አዳማ በአሰብ ዘመንም በጅቡቲ ዘመንም በሾፌር፣ በጋራዥ፣ በጎሚስታ፣ በምግብ ቤትና በመለዋወጫ ሱቅ ኖራለች። ሞጆ ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደረቅ ወደብ ከተከፈተባት ጀምሮ በመልቲሞዳል ከጅቡቲ የሚመጣው የሀገሪቱ ኮንቴይነር አብዛኛው የሚራገፍባት ቦታ ሆናለች። የዓለም ባንክም ይህን ማዕከል ለማስፋፋት እ.ኤ.አ. በ2017 የ150 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት አጽድቋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው ያልፋል። ለተሠራው ሥራ ዕውቅና መንፈግ የእኛ ልማድ አይደለም። ሞጆ ማለት ባሕር የሌለባት የወደብ ከተማ ናት።

ታዲያ ገቢው ወዴት ይሄዳል? የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 96 እናንብብ። የገቢና የወጪ ዕቃ ቀረጥ የፌዴራል መንግሥት ነው። የፌዴራል የልማት ድርጅቶች የትርፍ ግብርም እንዲሁ። ደረቅ ወደቡን የሚያስተዳድረው የፌዴራል ድርጅት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የደመወዝ ግብር በአንቀጽ 97 መሠረት የክልሉ ነው። ለከተማዋ የሚቀራት የቦታ ኪራይ፣ የንግድ ፈቃድና መሰል ጥቃቅን ገቢ፣ በተጨማሪም የከባድ መኪና ጭስ፣ የፈራረሰ አስፋልትና መኪና ማቆሚያ ያጣ ሠፈር ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል ይህ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ካልተሻሻለ ምንም ማድረግ አይቻልም የሚሉ አሉ። ስህተት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በዓመታዊ በጀት አዋጅ ለልዩ ዓላማ የሚውል ድጎማ መመደብ ይችላል፤ ይህም በተራ አብላጫ ድምፅ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ፓርቲያችን ከደረቅ ወደቦች አገልግሎት ገቢ ላይ የተወሰነ ድርሻ ደረቅ ወደቡ ላለበትና ዋናው መንገድ ለሚያቋርጣቸው ከተሞች በየዓመቱ እንዲመለስ፣ ገንዘቡም ለመንገድ፣ ለፍሳሽ ማስወገጃ፣ ለመኪና ማቆሚያና ለሙያ ማሠልጠኛ ብቻ እንዲውል ረቂቅ አዘጋጅቷል። አዲስ የግብር ዓይነት ማውጣት ግን በአንቀጽ 99 መሠረት የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ያን ያህል ወንበር እናገኛለን ብለን ለመራጭ አንዋሽም፤ ስለዚህ ቃል የምንገባው የመጀመሪያውን ነው።

ባቱ ላይ ስንደርስ ነገሩ የበለጠ ያንገበግባል። ከሞጆ ሐዋሳ የሚዘልቀው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ድረስ አገልግሎት ላይ ውሏል። የሞጆ–መቂው ክፍል በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የመቂ–ባቱው በኮሪያ ኤግዚም ባንክ ብድር የተሠራ ነው። ብድሩን የሚከፍለው ሁላችንም ነን። መንገዱ ጥሩ መንገድ ነው። ነገር ግን የፍጥነት መንገድ የታጠረ፣ መግቢያና መውጫው የተቆጠረ መንገድ ነው። በአሮጌው አስፋልት ዳር ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፓፓያ ደርድራ፣ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ጠብሳ ልጆቿን የምታሳድግ እናት፣ ሾፌር አቁሞ የሚበላበት ምግብ ቤት፣ ጎማ የሚለጥፈው ወጣት አዲሱ መንገድ ሲታቀድ ምን ይሆናሉ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ዛሬ ኮሪደር ሲባል የሚታሰበው የእግረኛ ንጣፍና የመንገድ ዳር መብራት ሆኗል። ለእኛ ኮሪደር ማለት ከደምበል ዳር የተነሳ ሳጥን ሳይበሰብስ ጅቡቲ የሚደርስበት መስመር ነው።

ባቱ የምትልከው ነገር አጥታ አይደለም። በዙሪያዋ ያለው የጽጌረዳ እርሻ በሀገሪቱ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ሲሆን ከአሥር ሺህ በላይ ሠራተኛ አሰርቷል። የወይን ጠጅ ፋብሪካ አላት። ከመቂ እስከ ቡልቡላ በፓምፕ የሚለማው አትክልት የአዲስ አበባን ገበያ ይመግባል። ቡልቡላ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ አለ። ጽጌረዳው በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሶ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የባለሀብት ምርት በመሆኑ ማቀዝቀዣ አለው። የትንሹ ገበሬ ቲማቲም ግን ማቀዝቀዣ የለውም። ቲማቲም በሚትረፈረፍበት ሰሞን ዋጋው ደላላው ካለው ውጪ አይሆንም፤ ምርቱ ሦስት ቀን ከቆየ ይበሰብሳልና ገበሬው አልሸጥም ማለት አይችልም። ማቀዝቀዣ መጋዘን ማለት እንግዲህ ለገበሬው እምቢ የማለት አቅም ነው። በባቱና በመቂ በማኅበራትና በዩኒየኖች ባለቤትነት የሚተዳደሩ ማቀዝቀዣ መጋዘኖች፣ በሞጆ ደግሞ ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር በባቡር የሚጫንበት መስመር የፓርቲያችን የመጀመሪያ የመሠረተ ልማት ጥያቄ ነው። ከሞጆ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚዘልቀው የባቡር መስመርም ከ2003 እስከ 2007 በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ተይዞ ነበር፤ ከወረቀት አላለፈም።

ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ የምትባል የባቱ እህት የምትመስል ከተማ አለች። የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ፣ የጽጌረዳ እርሻ፣ በቅርቧም በቻይና ብድር የተዘረጋ ባቡርና ደረቅ ወደብ አላት። ደረቅ ወደቡ ሲከፈት ግን የሚፈለገውን ያህል ጭነት አልመጣለትም፤ ነጋዴውም የጭነት መኪና ባለቤቱም በትእዛዝ ሊነዱ አልፈቀዱም። ሕንፃ መገንባት ቀላሉ ነው። ጭነት የሚመጣው አገልግሎቱ ፈጣንና ርካሽ ሲሆን ብቻ ነው። እኛም ጋ ለዓመታት የመልቲሞዳል ሥራ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ በመቆየቱ አስመጪው ለዲመሬጅ ሲዳረግ፣ ትራንዚተሩ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ኖሯል። ለግል ድርጅቶች በር መከፈት መጀመሩን እንደግፋለን፤ ፈቃዱ በውድድር እንጂ በዝምድና እንዳይሰጥ እንቆጣጠራለን።

ሠራተኛውንም አንረሳም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ደንቡ ግን ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ኖረ። በአበባ ቤት ውስጥ ቆማ የምትውል ወጣት በአውሮፓ ገበያ ከሚሸጠው ጽጌረዳ ላይ የቤት ኪራይዋን መክፈል የሚያስችል ድርሻ ይገባታል። ሐይቁም ሠራተኛ ነው ብንል አይበዛም፤ እርሻውንም፣ ዓሣ አስጋሪውንም፣ የደሴቶቹን የዘይ ሕዝብም የተሸከመው እሱ ነው። ከመቂና ከከታር ወንዞች የሚገባው ውኃ በፓምፕ ሲቀንስ፣ እንቦጭ ሲስፋፋ፣ በቡልቡላ በኩል አቢጃታ ሲሸሽ እያየን ነው። ከሐይቁ ማን ስንት ውኃ እንደሚስብና የውኃው ጥራት ምርመራ ውጤት በየስድስት ወሩ በአደባባይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላልና።

በዚህ መስመር ላይ ሾፌሮች ታግተው ቤተሰቦቻቸው ገንዘብ የተጠየቁበትን ጊዜም ሁላችንም እናውቃለን። ሾፌር በፍርሃት የሚነዳበት መንገድ ስፋቱ ምንም አይፈይድም። የመንገዱ ደህንነት በፖለቲካ ድርድርና በሕግ አስከባሪዎች ተጠያቂነት እንጂ በኬላ ብዛት አይረጋገጥም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይቀድማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ፣ ሕዝቡም በቀጥታ እንዲሳተፍ ያዛል። በሀገር አቀፍ ደረጃ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዝሞ ቀረ። ቲማቲም በትከሻው ተሸክሞ ገበያ ይወጣ የነበረ የያኔው ሕፃን ዛሬ መራጭ ሆኗል፤ ስለ ከተማው መንገድ፣ ስለ ገበያው ቦታና ስለ ሐይቁ ዳር መሬት የሚወስነውን ምክር ቤት ግን መርጦ አያውቅም። ከወደብ መስመሩ ድርሻ ቢመጣ እንኳ ተጠያቂነት በሌለው ምክር ቤት እጅ ከገባ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ተወካዮቻችን ምክር ቤት እንደገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ቁርጥ ያለ ቀን እንዲቆረጥለት ይሆናል። ሁለተኛው በመጀመሪያው የበጀት ውይይት የሚቀርበው የደረቅ ወደብና የመንገድ ዳር ከተሞች ድርሻ ነው። የረቂቁን ሙሉ ቃል በየከተማው ባሉት ጽሕፈት ቤቶቻችን ማንኛውም መራጭ ጠይቆ ማንበብ፣ የማይስማማበትን ጽፎ መስጠት ይችላል። ከምርጫው ቀን በፊት የተሰጠን አስተያየት ሁሉ በረቂቁ አባሪ ላይ እናያይዘዋለን።