ደግ ዳኛና ደግ ሹም እንዴት ይገኛሉ?

ነጋዴ ስለ ዳኛ የሚያስበው አዘውትሮ ክርክር ሲገጥመው ነው። ዕቃው በጉምሩክ መጋዘን ሲዘገይበት፣ የተቀበለው ቼክ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ሲመለስበት፣ በዱቤ የወሰደ ደንበኛ ሲክደው፣ ያን ጊዜ ሕግ ዐዋቂና እውነተኛ ሹም ወዴት እንዳለ ይጠይቃል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው በተፈለገበት ቀን ከገበያ አይገዛም። በብዙ ዓመት አገልግሎትና ፈተና ተኰትኵቶ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ የንግዱ ማኅበር ስለ አስተዳደጉ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ለዚህ ነገር የአገሪቱ ታሪክ ምስክር ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የንግድ ሕግ ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ፣ እርሳቸውም ካረፉ በኋላ የፈጸሙት ፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ ነበሩ። ሕጉ በሚገባ ተጽፎ ቢወጣም፣ በዘመናዊ የሕግ ትምህርት ሠልጥኖ የሚፈርድበት ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነበር። በ1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ መከፈቱም ይህን ጕድለት የሚሞላ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴዎችን፣ የንግድ ማኅበራትንና ኪሳራን የሚመለከተው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1243 ተተክቷል። ሕጉ ቢለወጥም፣ ያለ በቂ ዳኛ ሕግ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ ብቻ መሆኑ አልተለወጠም።

የሕግ ሙያ ከሕዝብ አገልግሎት ጋር ሲጣመር ምን ያኽል መሪ እንደሚያፈራ ለመረዳት የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ጕዞ መመልከት ይበቃል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1992 በከፍተኛው ፍርድ ቤት በዳኝነት አገለገሉ። ቀጥሎም ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ በሕግ አማካሪነት ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ካቋቋሙት መካከል ሆነው ገንዘብ ለሌላቸው ሴቶች በነጻ ጥብቅና ቆሙ። ማኅበሩ በብርቱ የታገለለት የቤተሰብ ሕግ መሻሻል በ1992 ዓ.ም. ሲፈጸም፣ ባልን የጋራ ሀብት አስተዳዳሪ ያደርግ የነበረው የቀድሞው ደንብ ቀርቶ ባልና ሚስት እኩል አስተዳዳሪዎች ሆኑ። በጋራ ቤቱ መያዣነት ከባንክ ብድር የጠየቀ ነጋዴ ሁሉ ይህ ሕግ ከንግድ እንደማይርቅ ያውቃል።

ወይዘሮ መዓዛ ከዚህም በላይ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከእናት ባንክ መሥራቾች አንዷና የቦርዱ ሰብሳቢ ነበሩ። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዪቱ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ድረስም አገለገሉ። በእርሳቸው ዘመን የወጣው አዋጅ ቍጥር 1234/2013 ባለጕዳዮች ወደ ሙሉ ክርክር ሳይገቡ በፍርድ ቤቱ አስማሚነት የሚታረቁበትን መንገድ ከፍቷል። ይህ ሁሉ የሚያስረዳው፣ መሪነት በሹመት ደብዳቤ የሚሰጥ ሳይሆን ከችሎት ወደ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ አስተዳደር በደረጃ የሚቀሰም መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ነጋዴ «ዳኛና ሹም ማሳደግ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለነጋዴው ግብር መክፈሉ ይበቃዋል» ይላል። ይህ አነጋገር እውነት የሚመስል፣ ግን ጐደሎ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ ተረት ያጸናው የተሿሚው ስስት ብቻ አይደለም፤ ተራውን ላለመጠበቅ ሲል እጅ መንሻ ያቀረበውም ሰው ተካፋይ ነው። ወጣቱ ሕግ ዐዋቂ በመጀመሪያ ዓመቱ ይህን ከለመደ፣ ዛሬ ለአንዱ ነጋዴ ያደላው ነገ ገንዘቡ ለበዛው ተወዳዳሪ ያደላበታል። እንግዲህ ጉቦ ሰጪው የገዛው መስሎት የሸጠው የራሱን መጠጊያ ነው።

ስለዚህ ከንግዱ ማኅበር ሦስት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፣ የታወቁ ድርጅቶች የሕግ ተማሪዎችን በልምምድ እየተቀበሉ የሂሳብ መዝገብን፣ የመድን ውልንና የባንክ መተማመኛ ሰነድን በዐይናቸው እንዲያዩ ያድርጉ። የንግድን ነገር በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ዳኛ ፍርዱ ሊዘገይ ይችላልና። ሁለተኛ፣ አንዱ ልጁ ሕግ ሲማር «ጥብቅና ገንዘብ አለው» ብሎ ብቻ የሚመክር አባት፣ ጥቂት ዓመት በሕዝብ አገልግሎት መሥራት ክብርና ትምህርት መሆኑን ይጨምርለት። ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ ረቂቅ ሕግ ለውይይት ሲቀርብ ከወቀሳ ይልቅ በሚገባ የተጠና አሳብ ያቅርብ።

በድሮ ዘመን መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ባለበት ይቆም ነበር። ያን መከበር ለሕግ የሚመልሱት የታመኑ ዳኞችና ሹማምት ናቸው፤ ከእነርሱም ጥቅም ከሁሉ ይልቅ ዘወትር ውል የሚዋዋለው ነጋዴ ተጠቃሚ ነው።