ቆራሌው ሳይመጣ፦ ስለ አሮጌ ኮምፒውተርና ስለ ፍላሽ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ወጣ ብዬ ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ላወራ ነው። «ምን ነካው?» አትበሉኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው ቤት ይመጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥቂት ወራት በፊት ጡረታ የወጡ መምህር ዘመዴ ቤታቸውን ሲያጸዱ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ዲስክ አገኙ። በየዲስኩ ላይ በእስክሪብቶ «የእድር ደንብ»፣ «የ9ኛ ክፍል ፈተና»፣ «የአባባ ታሪክ» የሚል ተጽፏል። «አንተ ልጅ፣ ይኼን የሚከፍት ኮምፒውተር አለህ?» አሉኝ። «የለኝም ጋሼ» አልኳቸው። ላፕቶፔ ፍሎፒ የሚገባበት ቦታ የለውም። የማንኛችሁም የለውም።

መፍትሔ ፍለጋ ስገባ ያገኘሁት ዓለም ገረመኝ። በአውሮፓና በአሜሪካ የ40 ዓመት ዕድሜ ባላቸው የቤት ኮምፒውተሮች ላይ ዩኤስቢ የሚገጥሙ ሰዎች አሉ። መጀመሪያ እኔም «ሥራ ፈቶች» ብዬ ነበር። አሁን ሀሳቤን ቀይሬያለሁ።

ኮሞዶር 64ን ውሰዱ። በ1982 ለገበያ የቀረበ፣ በሚሊዮኖች የተሸጠ የቤት ኮምፒውተር ነው። የማስታወስ አቅሙ 64 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ እንኳ አይገባበትም። የመጀመሪያው ዩኤስቢ የወጣው ደግሞ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1996 ነው። ስለዚህ ገመድ ቆርጦ መቀጠል ብቻ አይበቃም። በዩኤስቢ ዓለም ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፣ ፍላሹ ወይም ኪቦርዱ ይመልሳል። የዚህ ንግግር በጣም ቀርፋፋው እንኳ በሴኮንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት ይሮጣል። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚመታው የኮሞዶር ፕሮሰሰር ይኼን በራሱ ሊከታተለው አይችልም።

ታዲያ ምን አደረጉ? መሀል ላይ አስተርጓሚ አስቀመጡ። አንዲት ትንሽ ቺፕ በአንድ በኩል ከፍላሹ ጋር በዩኤስቢ ቋንቋ ታወራለች፤ በሌላ በኩል ለአሮጌው ማሽን ራሷን እንደ ድሮው ዲስክ ማንበቢያ አድርጋ ታቀርባለች። ማሽኑ ፍላሽ መሰካቱን አያውቅም። ከለመደው ጓደኛው ጋር የሚያወራ ነው የሚመስለው። ጎቴክ የተባለው ርካሽ ሣጥን የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በአሚጋ ወይም በአታሪ ውስጥ በፍሎፒው ቦታ ይገባና ፍላሽ ይቀበላል። ኪየር ፍሬዘር የተባለ ባለሙያ ደግሞ ለዚህ ሣጥን ፍላሽፍሎፒ የሚባል ሶፍትዌር ሠርቶ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል።

«ይኼ የጨዋታ ነገር ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ያው ሣጥን በጥልፍ ማሽንና በአሮጌ የፋብሪካ ማሽኖች ላይም ይገጠማል፤ ሚሊዮን የሚያወጣ ማሽን ዲስክ ጠፋ ተብሎ አይጣልማ! መንግሥታትም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። የአሜሪካ የኑክሌር ጦር ማዘዣ ሥርዓት እስከ 2019 ድረስ ባለ 8 ኢንች ፍሎፒ ይጠቀም ነበር። ጃፓን ደግሞ ሶኒ ፍሎፒ መሸጥ ካቆመ ከ10 ዓመት በላይ ቆይታ፣ በ2024 ነው ፍሎፒ የሚጠይቁ ከ1,000 በላይ ደንቦችን የሻረችው። አሮጌው ነገር «አርጅተሃል» ስላሉት ብቻ አይሄድም።

ለእኛ ደግሞ ይኼ አሠራር እንግዳ አይደለም። ላዳ ታክሲን ስንት ዓመት ያኖራት ማን ነው? ከዚህም ከዚያም ዕቃ እያገጣጠመ ያስነሳት መካኒክ ነው። ምናለሽ ተራ የቆመውም በዚሁ ብልሃት ነው። ለመኪና ያላነስነው ብልሃት ለጽሑፋችን ሲሆን ለምን ያጥረናል?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ መጻፍ የጀመረው በ1980ዎቹ ነው፤ የፍሥሐ አጥላው «ዳሸን» ከቀዳሚዎቹ ሶፍትዌሮች አንዱ ነበር። በ1992 የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ከወጣ በኋላ ጋዜጣውም መጽሔቱም በዛ። ደብዳቤው፣ የማኅበር ደንቡ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ በፍሎፒ ይመላለስ ጀመር። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው ግን በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ኮድ ነበር የሚያስቀምጠው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው።

ስለዚህ የእኛ ሣጥን ሁለት ቁልፍ አለው። የመጀመሪያው ዲስኩን የሚያነብ ዕቃ ነው፤ እሱን ፈረንጆቹ አድናቂዎች ፈትተውልናል። ሁለተኛው ፊደሉ ነው፤ እሱን ከእኛ በቀር ማንም አይፈታልንም። ጀርመናዊው ኮሞዶሩን ቢያድን የዳሸንን ኮድ ሊያድንልን አይችልም።

«ወረቀቱ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አንዳንዱ አለ። ብዙው ግን በስብሷል፣ ጠፍቷል፣ ስኳር ተጠቅልሎበታል። ዲስክም ቢሆን ዕድሜ አለው፤ ሻጋታ ይይዘዋል፣ መግነጢሱ ይደክማል። ጊዜው ከእኛ ጋር አይደለም።

ምን እናድርግ? ባለ 3.5 ኢንች የተለመደ ፍሎፒ ያላችሁ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ፈልጉ፤ ርካሽ ነው። ከማስገባታችሁ በፊት ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፋ አድርጋችሁ ቀዳዳዋን ክፈቱ፤ ያኔ በስህተት አይጻፍበትም። ሻጋታ ያለበትን ሳታጸዱ አታስገቡ። መጀመሪያ ሙሉውን ቅዱ፣ ከዚያ ስለ ፊደሉ ተጨነቁ። የድሮ ፎንትና የድሮ ሶፍትዌር ያለው ሰው ደግሞ አይጣል፤ ቁልፉ እሱ ነው። ላልተለመዱትና ለተበላሹት ዲስኮች ግሪስዊዝል የሚባል የዩኤስቢ ሰሌዳ አለ፤ ከድሮ ማንበቢያ ጋር ተያይዞ የዲስኩን መግነጢሳዊ ምልክት ራሱን ይቀዳል። ይኼን ሁሉ ግን ለየግለሰቡ መተው የለብንም። እንደ ወመዘክር ባሉ ተቋማትና በዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማንበቢያና አንድ የሠለጠነ ወጣት ተቀምጦ «ፍሎፒ ያለው ይምጣ» ቢባል ወጪው ከአንድ ቀን ወርክሾፕ አይበልጥም።

የጋሼን ነገር ልጨርስ። ማንበቢያ ተውሼ ሄድኩ። ግማሾቹ ተከፈቱ፣ ግማሾቹ ዝም አሉ። የተከፈቱት መጀመሪያ ላይ ትርጉም የሌለው ላቲን ነበሩ፤ ከአንድ ወዳጄ የድሮ ፎንት አግኝተን ስንጭንበት የእድሩ ደንብ በአማርኛ ብቅ አለ። ጋሼ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

«የአባባ ታሪክ» ግን አልተነበበም። አባታቸው ከማረፋቸው በፊት አጠገባቸው ተቀምጠው እየጠየቁ የጻፉት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ዲስኩን ጠረግ አድርገው ወደ ካርቶኑ መለሱት። «አትጣሉት ጋሼ፣ በሌላው መሣሪያ እንሞክረዋለን» አልኳቸው። «ምነው ከ10 ዓመት በፊት በጠየቅሁህ» አሉኝ።

በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ካርቶን ይኖራል። ቆራሌው በሩን ሳያንኳኳ ክፈቱት። ሳይቃጠል በቅጠል!

ቸር እንሰንብት።