ሁለት ሰዓት ታሪክ ሰማን፤ ምንጩስ?

ሐረር ላይ ታሪክ በጆሮ ማዳመጫ መሰማት ከጀመረ ቆየ። ባጃጅ ውስጥ፣ በርጫ ላይ፣ ሱቅ ጥበቃ ላይ ፖድካስት ተከፍቷል። ጆሯችን ድሮም በሸገር ኤፍኤም «መቆያ» ታሪክ መስማት ለምዷል።

ይሄ ጥሩ ነገር ነው፣ ከልቤ ነው የምለው። እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ሐረርን ይዘው እንደነበር መጀመሪያ የሰማሁት ከፖድካስት ነው። መጽሐፍ ለማይደርሰው ሰው ስልኩ ላይብረሪ ሆኖለታል።

ግን እኮ ጉድ ሠርቶኛልም። ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቼን «ራምቦ ቤት» ወስጄ፣ «ፈረንሳዊው ገጣሚ እዚህ ነው የኖረው» አልኳቸው። አንድ ፖድካስት ላይ እንግዳው በሙሉ ልብ ሲናገር ሰምቼ ነዋ! በኋላ ሳጣራ ራምቦ ሐረር የገባው በ1880፣ የሞተው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው። ቤቱን ግን አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ከተማችን ውስጥ ኖሯል፤ በዚያ ቤት ግን አልኖረም።

ይሄኛው ስህተት ማንንም አያጣላም። ወሬው ኢማም አህመድ (ግራኝ) ላይ ሲደርስ ነው ነገር የሚመጣው። «ፉቱህ አል ሐበሻ»ን የጻፈው ከኢማሙ ወገን የነበረው አረብ ፈቂህ ነው። በሌላ በኩል የአፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል አለ። ሁለቱም የየራሳቸው ወገን አላቸው። እንግዳው አንዱን ብቻ ይዞ ሁለት ሰዓት ሲያወራ፣ አዘጋጁ «ሌላኛውስ ምን ይላል?» ካላለ፣ የሰማነው ግማሹን ነው። ከዚያ አንዷ ደቂቃ ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ ትወጣለች፤ ከሥሯ የሃይማኖትና የብሔር ስድብ ይጎርፋል። እኛ ግን ጀጎል ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ሰዎች ነን። ስድቡ ነገ የሚያገኘው ጎረቤታችንን ነው።

ዓመተ ምህረቱም ሌላ ጣጣ ነው። የጨለንቆ ጦርነት በእኛ 1879፣ በፈረንጆቹ 1887 ነው። የቱ እንደሆነ ሳይነገር ቁጥር ብቻ ሲወረወር አድማጩ ይደናገራል።

ደግሞ እኔ ከሰማኋቸው አብዛኞቹ ስለ ሐረር ሲያወሩ ጦርነት ብቻ ነው። ሐረር እኮ የራሷን ገንዘብ ታትም ነበር! የእጅ ጽሑፎቿና የመጽሐፍ ጥረዛዋ፣ አብዱላሂ ሸሪፍ ዕድሜ ልካቸውን ሰብስበው ሙዚየም ያደረጉት ቅርስ፣ የአንድ ክፍል ወሬ ያንሰዋል?

ለአዘጋጆቹ አንድ ነገር፦ ምንጫችሁን ከቪዲዮው ሥር ጻፉልን፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ አድማጮችም ሼር ከማድረጋችን በፊት እንጠይቅ፦ ይሄን ማን ጻፈው? መቼ? የማን ወገን ሆኖ?

እናንተስ ከፖድካስት ሰምታችሁ አምናችሁት፣ በኋላ ስህተት ሆኖ ያገኛችሁት ታሪክ አለ? ኮሜንት ላይ ንገሩን። ያለ ስድብ ታዲያ 🙏