ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው?



ፈተና በደረሰ ቁጥር በፍሬሽማን ተማሪዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ አጫጭር ማስታወሻዎች አሉ። ስለ ሊሚቲንግ ሪአክታንት የሚሉት ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው፦ «ትንሹን ቁጥር ምረጥ»። በጀመዓችን ቱቶሪያል ይህ አቋራጭ ቦታ ሊኖረው አይገባም ባይ ነኝ።

ምክንያቴን በምሳሌ ላስረዳ። አሞኒያ ሲሠራ 1 ሞል ናይትሮጅን 3 ሞል ሃይድሮጅን ይፈልጋል፤ 2 ሞል አሞኒያ ይገኛል። 28 ግራም ናይትሮጅንና 10 ግራም ሃይድሮጅን ቢሰጠን በግራም ትንሹ ሃይድሮጅን ነው። ወደ ሞል ስንለውጠው ግን ናይትሮጅኑ 1፣ ሃይድሮጅኑ 5 ሞል ይሆናል። የሚያስፈልገው 3 ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅኑ ነው። 34 ግራም አሞኒያ ይገኛል፤ 4 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል። ድምሩ 38 ግራም፣ ልክ እንዳስገባነው።

«እንግዲያው በሞል ትንሹን እንምረጥ» የሚል አይጠፋም። ሃይድሮጅኑን ወደ 4 ግራም እንቀንሰው። አሁን ናይትሮጅኑ 1፣ ሃይድሮጅኑ 2 ሞል ነው። በሞል የሚያንሰው ናይትሮጅን ቢሆንም ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጅን ነው፤ 3 ተፈልጎ ያለው 2 ነውና። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ የእያንዳንዱን ሞል ባላንስ በተደረገው ኢኩዌሽን ከፊቱ ላለው ቁጥር አካፍሎ ማወዳደር ነው።

«ለአንድ የፈተና ጥያቄ ይህን ያህል?» የሚል ካለ፣ ከሰልን ያስብ። 12 ግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲሆን 32 ግራም ኦክስጅን ያስፈልገዋል። በርና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ግን እያነሰ የሚሄደው ኦክስጅኑ ነው። በዚህ ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል። ቀለምም ሽታም የለው፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ሰው ይገድላል። «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል» ብሎ ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባ ሰው የሚያየው የተረፈውን ከሰል ነው፤ ያለቀውን አየር አያይም። ይህን ለቤተሰቡ ሊያስረዳ የሚችለው ሐሳቡ የገባው ተማሪ እንጂ «ትንሹን ቁጥር» የሸመደደው አይደለም።

ስለዚህ ለምታስጠኑ ወንድሞችና እህቶች አንድ ሐሳብ አለኝ። በአንድ ቀን ሃያ ጥያቄ ከመሥራት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ተማሪው ካልኩሌተር ከማንሳቱ በፊት «ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው? ለምን?» ተብሎ ይጠየቅ፤ በአፉ ያስረዳ። መጨረሻ ላይ የተገኘውንና የተረፈውን ደምሮ ከገባው ጋር ያመሳክር። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ነገ በጤና፣ በግብርናና በምህንድስና የሰው አማና የምንረከበው እኛ ነን።

አላህ የሚጠቅመንን እውቀት ይወፍቀን።