ቀኑን ንገሯቸው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አልቆ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል፤ «ወጣ እንዴ?» ክረምት ላይ የሚጠየቀው ስለ ውጤቱ ነው። ውጤቱ ሲወጣ ስለ ምደባው፣ ምደባው ሲወጣ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው መቼ እንደሚጠራ ይጠየቃል። ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «በቅርቡ ይገለጻል።» ሙግቴ ከዚህ መልስ ጋር ነው። ከመልሱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን እኛ ወላጆች፣ መምህራንና ጎረቤቶች ነገሩን እንደ ሐምሌ ዝናብ ከላይ የወረደ አድርገን መቀበላችን ነው። ዝናቡን የሚያዘገየው ሰው አይደለም። የምደባውን ቀን ግን ሰው ይወስነዋል፤ ወስኖም ሳይናገር ይቆያል፣ አለዚያም ሳይወስን ይቀራል። ሁለቱም ጥፋት ነው።

ለልጆቻችን የምናዝላቸው መድኃኒት ትዕግሥት ነው። «ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ» እያልን እናጽናናቸዋለን። ደጋግሞ የሚጠይቀውን ልጅ እንገሥጻለን፤ ድምፁን አጥፍቶ አልጋው ላይ የዋለውን ጨዋ ብለን እናመሰግናለን። ይህ ምክር መቆም አለበት። አንድ የ18 ዓመት ወጣት ውጤቱ በየትኛው ቀን እንደሚነገረው፣ የመቁረጫ ነጥቡ ስንት እንደሚሆን፣ ወደ የትኛው ከተማ እንደሚላክ፣ ትምህርቱን በየትኛው ወር እንደሚጀምር ሳያውቅ ለወራት ሲቀመጥ የሚማረው ነገር ቢኖር የእሱ ጊዜ ዋጋ እንደሌለው ነው። ይህን ትምህርት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም፣ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግም አይረሳውም።

የቅርብ ዓመታቱን ብቻ እንይ። የ2012 ተፈታኞች በኮሮና ምክንያት የተፈተኑት በየካቲት 2013 መጨረሻ ነው። የ2014 ተፈታኞች ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ ስለተወሰነ በጥቅምት 2015 ተፈትነው ውጤታቸውን በጥር አዩ። የ2015ቶቹ ሐምሌ ላይ ተፈትነው መስከረም 2016 ሊያልቅ ሲል፣ የ2016ቶቹ በጳጉሜን፣ የ2017ቶቹ ደግሞ በመስከረም 2018 ውጤታቸውን ሰሙ። የትግራይ ልጆች በጦርነቱ ሳቢያ ሦስት ዓመት ገደማ ከፈተና ርቀው ቆይተው በ2016 መባቻ ተፈተኑ። ኮሮናውንም ጦርነቱንም ማንም አልመረጣቸውም፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ምክንያቱ በየዓመቱ ሲለዋወጥ አንድ ነገር ሳይለወጥ ቆይቷል፤ ተማሪው ቀኑን አስቀድሞ አያውቅም። ቢነገረውም ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በዋዜማው ነው። የታላቅ እህቱን ዓመት አይቶ የራሱን እንዳይገምት እንኳ አንዱ ዓመት ከሌላው አይገጥምም።

ጥበቃው ሁሉንም እኩል አይጎዳም። በጥር 2015 በተነገረው ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017ቱ ፈተና 8.4 በመቶ ሆኑ። ስለ ቁጥሮቹ ማነስ አገሩ ሁሉ ተነጋግሯል፤ ስለ ቀሪዎቹ ጥበቃ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። 50 ያመጣው ቢያንስ ማለፉን አረጋግጧል፤ የቀረው የት እንደሚመደብ ማወቅ ነው። 40 ያመጣችው ልጅ ግን ምን እንዳገኘች እንኳ አታውቅም። በ2015 የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ሁላችንም ሪሚዲያል የምንለው፣ ከ50 በታች ካመጡት የተሻሉትን ተቀብሎ ለወራት አስተምሮ ዳግም ይፈትናል። መግቢያ ነጥቡ የሚታወቀው ግን ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ለወንድና ለሴት፣ ለተፈጥሮና ለማኅበራዊ ሳይንስ ተለያይቶ ይመጣል። ስለዚህ ልጅቱ ውጤቷን በእጇ ይዛ ትግባ አትግባ መለየት ያቅታታል። በዚህ መሀል ስልኳ ላይ ያለው የቴሌግራም ቻናል ሁሉ የየራሱን ነጥብ ይነግራታል፤ ውጤት እናስተካክላለን የሚል አጭበርባሪም ይደርሳታል። ሕዝቡ እንዳይታለል በየዓመቱ ማስጠንቀቂያ ይነገራል። ከማስጠንቀቂያው የሚበልጠው ግን እውነተኛውን ቁጥር በሰዓቱ መናገር ነበር፤ ያኔ ሐሰተኛው ገዢ ባላገኘ።

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ከሌላው አብልጠው የተጎዱበት ዓመትም አለ። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል ግጭቱ ሲስፋፋ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ አንድ ዓመት ገደማም ተቋርጦ ቆየ። መስከረም ላይ ውጤቱ ሲለቀቅ በዋናነት የሚታየው በድረ ገጽና በቴሌግራም ነበር። ብዙ የጎጃም ልጅ የመፈተኛ ቁጥሩን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በስልክ አንብቦ የ12 ዓመት ልፋቱን ውጤት ከሌላ ሰው አፍ ሰማ። በክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ሳይጠሩ ወራት አለፉ፤ በሌላ ክልል የተመደቡት እኩዮቻቸው ሴሚስተር ሲያገባድዱ እነሱ እቤት ነበሩ። መንገድ በተዘጋበት፣ ተኩስ በሚሰማበት ጊዜ ተማሪ አልጠራም ያለ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊነት ተሰምቶት ይሆናል። የማልቀበለው ዝምታውን ነው። «እስከ ጥር አንጠራም» ማለትም መልስ ነው። ይህን የሰማ ልጅ አጨዳውን ያግዛል፣ ሥራ ይፈልጋል፣ ሌላ ነገር ይማራል። ያልሰማው ግን ሁልጊዜ ነገ የሚጠራ እየመሰለው ምንም ሳይጀምር ዓመቱ ያልቅበታል።

የጥበቃውን ዋጋ ለማየት ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ማለት ይበቃል። ከስናን፣ ከአነደድ ወይም ከጎዛምን ገጠር መጥቶ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ተከራይቶ የተማረ ልጅ ስንቁ ከቤተሰቡ እየመጣለት ነው የኖረው። ከፈተናው በኋላ የተከራያትን ክፍል ይልቀቃት ወይስ ይያዛት? ከያዛት ኪራዩ ይቆጥራል፤ ከለቀቃት የሚላላክበት፣ ሰነድ የሚያወጣበት መጠጊያ ያጣል። የጤፍ አጨዳ ሲደርስ አባቱ የእሱን ጉልበት ይቁጠር ወይስ ሰው ይቅጠር? ልጁስ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ይውረድ ወይስ ይቀመጥ? ለጥንቃቄ ብሎ የግል ኮሌጅ የተመዘገበ ምደባው ሲመጣ የከፈለው ይቀርበታል፤ ምደባውን አምኖ ያልተመዘገበ ደግሞ ምደባው ሲቀር ምዝገባው ያልፈዋል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በጨለማ እየገመተ ገንዘቡን ያወጣል። ግምቱ ሲስት ደግሞ የሚከፍለው ራሱ ነው፤ ቀኑን ያልነገረው ቢሮ ምንም አይከፍልም።

ጥሪው ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዝርዝሩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ይህን ሁሉ አሟልቶ፣ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ጅማ ወይም ወላይታ ሶዶ ለመድረስ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀናት ነው። ከተባለው ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ እንደማይስተናገድም ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ይጻፋል። ተቋሙ ወራት ሲያሳልፍ «ተራዝሟል» ይባላል፤ ልጁ አንድ ቀን ቢያሳልፍ «አልፎሃል» ይባላል። በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ልጆቻችን ቀጠሮ አክባሪ እንዲሆኑ ከማን ይማሩ?

ሴቶቹን ለብቻ ማንሣት አለብኝ። ምሥራቅ ጎጃም ሴት ልጅን በለጋ ዕድሜዋ በመዳር ሲታወቅ የኖረ አካባቢ ነው። በሕጉም በትምህርቱም ብዙ ተለውጧል፤ ግን አልጠፋም። የሠርጉ ወር ደግሞ ጥር ነው። ትምህርት ቤት ያለች ልጅ ለሽማግሌዎች የሚነገርላት መልስ አላት፤ «ትምህርቷን ትጨርስ።» ዩኒቨርሲቲ የተመደበችውም አላት። 12ኛን ጨርሳ ገና ምንም ያልተነገራት ግን በምን ትከለል? አባቷ ቢወዳትም፣ መማሯን ቢፈልግም፣ «ውጤቱ አልወጣም» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ለስንት ሽማግሌ ይመልሳል? «አባባ፣ ትንሽ ታገሠኝ» ስትለው «እስከ መቼ ልጄ?» ቢላት የምትጠቅሰው ቀን የላትም። በጥር 2015 ውጤትና ሠርግ በአንድ ወር ተገናኝተዋል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ወር የዘገየ ወረቀት ገጠር ውስጥ የአንዲትን ልጅ ዕድል ሊዘጋ እንደሚችል ቀን የሚወስኑ ሰዎች ሁሉ ሊያስቡት ይገባል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሡት የፈተና ደኅንነትን ነው። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛ ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተሠራጨ በኋላ ፈተናው በሙሉ ተቋርጦ ወደ ሰኔ መጨረሻ መዛወሩን አልረሳሁም። ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ምስጢር የሚሆነው ግን ጥያቄው ነው፤ ውጤት የሚነገርበት ቀን ቢታወቅ ማን ምን ይሰርቃል? ቀጥሎ የሥራው ክብደት ይነሣል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተፈታኝ ማረምና መመደብ ቀላል አይደለም፤ እውነት ነው። ይህን ያህል ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚያስጠብቅ ሥራ ግን ከሌላው ሁሉ ይልቅ የቀን መቁጠሪያ ያሻዋል። ከዘገየም የዘገየበት ምክንያትና አዲሱ ቀን ይነገር። በእንግሊዝ አገር ተማሪ እስከ አምስት ምርጫ መርጦ ያመለክታል፤ ገና ሳይፈተን «ይህን ነጥብ ካመጣህ ተቀብለንሃል» የሚል መልስ ይደርሰዋል፤ ውጤቱ የሚወጣበት የነሐሴ ሐሙስም ከብዙ ወራት በፊት የታወቀ ነው። ያ አገር ሀብታም ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ቀን ቆርጦ መናገር ግን ብር አይጠይቅም።

ይህ ቀን ያልተቆረጠለት ጥበቃ በጎጃም መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይቆጨኛል። ተማሪ መምህሩን ፈልጎ በእግሩ የሚሄድበት አገር ነበር። የቅኔ ተማሪ ልቡ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ካዘነበለ ወደ ዲማ፣ የዋሸራን ቅኔ ከፈለገ ወደ ዋሸራ ያቀና ነበር፤ መምህሩ ካልተስማማው አኩፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሻገራል። የእንዶዳም ተወላጁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በዲማ የተማሩት በዚህ ሥርዓት ነው። ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ተጋፍቶ የሚያድር ተማሪ ኑሮው የሚያስቀና አይደለም፤ ወደዚያ እንመለስ አልልም። ያ ተማሪ እንጀራ ይለምን እንጂ የት እንደሚማር አይለምንም ነበር። የዛሬው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ይሞላል፤ ምደባው ግን ባልሞላው ቦታ ቢወጣም የሚጠበቅበት ሻንጣውን ማዘጋጀት ነው። ከ2012 ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት በጋራ ኮርሶች ስለሚያልፍ፣ የሚያጠናውን ሙያ ለማወቅ ደግሞ ግቢ ገብቶ ሌላ ምደባ ይጠብቃል።

አንድ የተከፈተ በር አለ። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ከ2016 ጀምሮም ማመልከቻ ተቀብሎ በራሱ መግቢያ ፈተና ተማሪ ይመርጣል። ሌሎችም እንዲከተሉ ታስቧል። ተማሪ ራሱ አመልክቶ የሚገባበት ጊዜ መምጣቱን እደግፋለሁ። ነገር ግን የዛሬው ልማድ ሳይታረም ከተሸጋገረ ልጁ ከአንድ ሚኒስቴር ይጠብቅ የነበረውን መልስ ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደጅ ይጠብቃል። ስለዚህ ደንቡ አሁን ይውጣ። የውጤቱ፣ የምደባውና የትምህርት መጀመሪያው ቀን ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ይታወጅ፤ የሪሚዲያል መቁረጫ ነጥብ ከውጤቱ ጋር በአንድ ቀን ይነገር፤ ጥሪ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይውጣ፤ ኢንተርኔት በሌለበት አካባቢ ውጤቱ በወረቀት ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ይለጠፍ።

በ1999 ተማሪ መቀበል የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ አንዱን ማንንም ሳያስፈቅድ ሊጀምር ይችላል፤ ለአዲስ ገቢዎቹ የመጥሪያውን ቀን አስቀድሞ መንገርና ቢያራዝም ምክንያቱን መጻፍ። እኛም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሲሰበሰብ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ተነጋግረን አንበተን። ጥያቄውን በቃለ ጉባኤ አስፍረን፣ በዞኑ ትምህርት መምሪያ በኩል ወደ ክልሉና ወደ ሚኒስቴሩ እንላከው፤ መልሱም በጽሑፍ ይምጣልን። የመጪው ዓመት ተፈታኞች አሁን ክፍል ውስጥ ናቸው። ይህ ደብዳቤ መሄድ ያለበት እነሱ ለፈተና ከመሄዳቸው በፊት ነው።