ከምኑ ሲሶ?

ደቡብ ጎንደር፣ ፋርጣ ወረዳ ውስጥ በሬ የሌላቸው አንዲት እናት መሬታቸውን በሲሶ አሳረሱ እንበል። ከገብሱ ምርት አንድ ስድስተኛው ለዘር ተነሣ፤ ከቀረው ሲሶው ለእሳቸው ተሰፈረ፤ አራሹ 10 ኩንታል ጭኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ጠቅላላ ምርቱ ስንት ነበር?

እንዲህ ያለ የቃላት ፕሮብሌም ሲሰጠው ብዙ ተማሪ ቁጥሮቹን ብቻ ይለቅማል። ስድስተኛውንም ሲሶውንም ከጠቅላላው ላይ ያነሣል፤ ግማሽ ይቀረዋል፤ ግማሹ 10 ከሆነ ምርቱ 20 ነው ብሎ ይጨርሳል። መልሱ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ተመልሶ አያየውም። ጥያቄው ግን «ከቀረው» ይላል። ምርቱን «ሀ» እንበለው። ዘሩ ሲነሣ 5ሀ/6 ይቀራል። የዚህ ሲሶው ለባለመሬቷ ሲሰፈር ለአራሹ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 5ሀ/9 ይተርፋል። ይህ 10 ከሆነ ሀ = 18 ነው። እንመልከተው፦ ለዘር 3፣ ለባለመሬቷ 5፣ ለአራሹ 10።

ተማሪው ያልለየው ነገር አውድማ ላይ አንድ ኩንታል ገብስ ያወጣል። ከዚያው 18 ኩንታል ላይ ሲሶው ከጠቅላላው ቢታሰብ ለእኚህ እናት 6 ኩንታል ይደርሳቸው ነበር። መሬታቸውን ለሌላ የሚያሳርሱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሬ ወይም ጉልበት ያጡ ናቸው፦ ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ አረጋውያን። ውሉ በቃል ነው። ዘሩ ከማን ድርሻ እንደሚነሣ አስቀድሞ ካልተነገረ ጠቡ እህል ሲሰፈር ይነሣል፤ ሽማግሌ መቀመጥም ይመጣል።

አልጀብራም ከዚህ ዓይነት ክፍፍል ጋር ነው ያደገው። በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው አልኸዋሪዝሚ ለትምህርቱ ስም ባወጣለት መጽሐፉ ሰፊ ቦታ የሰጠው ለውርስ ድልድል ነው። በእስልምና ሕግ መጀመሪያ ዕዳና ኑዛዜ ይነሣል፤ ከቀረው፣ ሟቹ ልጆች ካሉት፣ ለሚስት ስምንተኛ፣ ለእናት ስድስተኛ ይወጣል። እዚያም «ከቀረው» የሚለውን የዘለለ ሰው የወራሽ ድርሻ ያዛባል።

የደቡብ ጎንደር ልጆች እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ ሲባል እየሰሙ ነው ያደጉት። የሚያሳዝነኝ ይህን ሁሉ ይዘው መጥተው ክፍልፋይ ሲማሩ ምንም እንደማያውቁ መቆጠራቸው ነው። ክፍላቸው ከፍ ሲል ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ዓረፍተ ነገሩም ከቤታቸው ይበልጥ ይርቃል። መምህራኑ ቀመር ከመጻፋቸው በፊት ጥቂት ደቂቃ ወስደው በአማርኛ «ከምኑ?» እያሉ ቢጠይቁ ምን ይጎድላል? በደብረ ታቦር ያለው የመምህራን ኮሌጅ ሠልጣኞቹን ይህን ቢያለማምድ ለአካባቢው ትልቅ ውለታ ነው። ጥያቄ አይጠፋም፤ ፎገራ ሩዝ አለ፣ ጉና ግርጌ ድንች አለ። ተማሪዎቹ ራሳቸው ከቤት ያምጡት፤ የዘንድሮው ምርት እንዴት እንደተካፈለ፣ ዘሩም ከማን ድርሻ እንደወጣ ወላጆቻቸውን ይጠይቁ።