የአርኬዎሎጂ ሠራተኛ ምን ይፈልጋል?



በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ሰሞን ወደ ጠረጴዛዬ ቀርበው፥ «ልጄ አርኬዎሎጂ ልማር ይለኛል፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ መቃብር ቈፋሪ ሊሆንብኝ ነውን?» ሲሉ አጫወቱኝ። ነገሩን እንደ ቀልድ ቢናገሩትም የአባት ሐሳብ እንደ ያዛቸው ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። የሰጠኋቸው መልስ ለሌሎችም ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

አርኬዎሎጂ ማለት የጥንት ሰዎች ትተውት ካለፉት ነገር፥ ይኸውም ከቤታቸው ፍራሽ፥ ከሸክላቸው ስባሪ፥ ከምድጃቸው አመድ ተነሥቶ ኑሯቸውን መርምሮ የማወቅ ትምህርት ነው። ብዙ ሰው የዚህ ሥራ ባለሙያ ወርቅ የሚፈልግ ይመስለዋል። ባለሙያው ግን ከዕቃው ይልቅ ዕቃው የተገኘበትን ስፍራ አጥብቆ ይመረምራል። ምድር በየዘመኑ አፈር እየተነባበረባት ስለምትኖር፥ ያልታወከ እንደ ሆነ የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማልና። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1959 ዓ. ም. ጀምሮ ፍራንሲስ አንፍሬ በሰንዓፈ አጠገብ መጠራን በቈፈሩ ጊዜ፥ ከአክሱም ዘመን ሕንጻዎች በታች ከእነርሱ የቀደመ የሌላ ዘመን ሰፈር ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ሠራተኛው መሬቱን በገመድ ከፍሎ አፈሩን ጥቂት በጥቂት በብሩሽ ይገፋል፤ በወንፊትም ይነፋል፤ እያንዳንዱን ስባሪ የተገኘበትን ጥልቀት ጽፎ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለብቻው ያስቀምጣል። አንድ ጊዜ የተቈፈረ ስፍራ እንደ ነበረ ሊመለስ አይችልም፤ ገጹ አንድ ጊዜ ብቻ ተነብቦ እንደሚቀደድ መጽሐፍ ነው። ሳይጽፍ የቈፈረ ሰው ሳያነብ የቀደደ ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ የራሴን ጥፋት አስታውሳለሁ። በተወለድሁበት አገር ክረምት ሲወጣ ዝናቡ አፈሩን እያጠበ በእርሻው መካከል ትንንሽ የመዳብ ገንዘብ ያወጣ ነበር። በልጅነቴ አንዲቱን አግኝቼ በአሸዋና በአመድ ፈተግኋት። እርግጥ አበራች፤ ነገር ግን የንጉሡ መልክና ዙሪያዋን የነበረው ጽሕፈት አብረው ጠፉ። ለአንድ መንገደኛም በጥቂት ሣንቲም ሸጥኋት። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ታላቅ ምስክር መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን መቀበሉን ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል መተካቱ ነውና። የእኔይቱ ግን የማን እንደ ነበረች፥ ከየትኛው እርሻ እንደ ተነሣች ከእንግዲህ ማንም አያውቅም።

እጅግ የቀደመውም ምስክር የሚታወቀው በስፍራው ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ. ም. በአፋር፥ በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ የታወቀው በአጠገቧ የነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ስለ ተመረመረ ነው። በ1993 ዓ. ም. በዲቂቃ «ሰላም» የተባለችውን የሕፃን አፅም ያገኘውን ቡድን የመሩት ደግሞ የአገራችን ሰው ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ናቸው። እንግዲህ ይህ ሥራ የውጭ አገር ሰዎች ብቻ አይደለም።

አማርኛ ለሚማሩ ባልደረቦቻችን «ቅርስ» የሚለውን ቃል እናስታውሳቸው። ቅርስ በቤተ ሰብ ዘንድ ለክፉ ቀንና ለልጅ ተብሎ የሚቀመጥ ሀብት ነው። የአገር ቅርስም እንዲሁ ነው፤ ያገኘው ሰው ብቻውን ሊሸጠው አይገባም። አዋጅ ቍጥር 209/1992ም በአጋጣሚ ቅርስ የተገኘ እንደ ሆነ ለሚመለከተው ክፍል እንዲነገር ያዛል። ስለዚህ ልጆቻችሁ ከእርሻ አሮጌ ገንዘብ ወይም የሸክላ ስባሪ ቢያገኙ አይፈትጉት፤ ስፍራውን አመልክተው ያስታውቁ።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ በዝምታ ከሰሙ በኋላ፥ «እንግዲያስ ልጄ መቃብር የሚቈፍር ሳይሆን የሚያነብ ነዋ!» አሉኝ። በማግሥቱም ልጃቸውን ይዘው ወደ ሙዚየም መሄዳቸውን ነገሩኝ።